በአንድ ቁና የሚሰፈር ታሪክ፤ ስለ ጃፓን የሥዕል ፊልሞች የክፍል ልክ

የቅኔ መምህር ለደቀ መዝሙሩ አስቀድሞ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ የልክ ነገር ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ መወድስ ስምንት ቤት አለው፤ ተማሪው ሐሳቡ ሞልቶ ቢፈስስበት ወይም ጎድሎ ቢቀርበት ቤት ልጨምር፥ ቤት ልቀንስ ማለት አይፈቀድለትም። እንዲህም ሆኖ ጉባኤ ቃናን በአጭርነቱ የነቀፈ፥ መወድስንም በርዝመቱ የከሰሰ ሊቅ አልተሰማም። የሚነቀፈው የመወድስን ሐሳብ በጉባኤ ቃና ጠቅጥቆ ያፈነ፥ ወይም የጉባኤ ቃናን ሐሳብ ወደ መወድስ ስቦ ያሳሳ ባለ ቅኔ ነው። ይህን ከቅኔ ቤት የተገኘ ፍርድ ይዘን ዛሬ በብዙ አገር ወጣቶች ዘንድ ወደሚወደደው ወደ ጃፓን የሥዕል ፊልም፥ በጃፓኖች አጠራር ወደ «አኒሜ» ብንሻገር፥ በየጊዜው የሚነሣውን አንድ ሙግት ለመዳኘት ይረዳናል።

ከነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ «ማንጋ» በሚባለው የሥዕል ድርሰት አስቀድመው ታትመው የተነበቡ ታሪኮች ናቸው። ታሪኩ ከገጽ ወደ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ከተመልካቹ የሚሰማው ቅሬታ ከሁለት አንዱ ነው፤ አንዱ «ታሪኩ ተንዛዛ» ይላል፤ ሌላው «ታሪኩ ተጣደፈ» ይላል። ሁለቱም ቅሬታ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች በመጨረሻ ጥፋቱን የሚያላክኩት በደቂቃው ላይ ነው። «በሃያ አራት ደቂቃ ምን ሊነገር ይችላል?» እያሉ ቁናውን ይከሳሉ። እኔ ግን ቁናውን ከመክሰስ በፊት ሰፋሪውን መጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም ከታወቁ ሥራዎች እያነሣሁ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቁናውን እንወቀው። በጃፓን ቴሌቪዥን ለአንድ የአኒሜ ክፍል የሚመደበው የስርጭት ጊዜ በተለምዶ ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ ማስታወቂያው ሲነሣ 24 ደቂቃ ያህል ይቀራል፤ ከዚያም የመክፈቻው መዝሙር አንድ ደቂቃ ተኩል፥ የመዝጊያው መዝሙር እንዲሁ አንድ ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። ለታሪኩ የሚተርፈው እንግዲህ ሃያ ወይም ሃያ አንድ ደቂቃ ነው፤ እርሱም በመካከል በሚገባው ማስታወቂያ ለሁለት ይከፈላል። ክፍሎቹ ደግሞ በሩብ ዓመት ይመደባሉ፤ በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ 12 ወይም 13 ሳምንት ስላለ ታሪኩ 12፥ ወይም 24፥ ወይም ዓመቱን ሙሉ ከሆነ 50 ያህል ክፍል ይሰጠዋል። ደራሲው ይህን ልክ አልመረጠውም፤ የመረጠው የጣቢያው የሥራ ሰዓት ነው።

ይህ ልማድ የጸናው በጃንዋሪ 1 ቀን 1963 ዓ.ም. በፉጂ ቴሌቪዥን መተላለፍ በጀመረው «ቴትሱዋን አቶም» በተባለው ሥራ ነው፤ በውጭ አገር «አስትሮ ቦይ» በሚለው ስሙ ይታወቃል። ደራሲው ኦሳሙ ቴዙካ የራሱን ማንጋ ሙሺ ፕሮዳክሽን በተባለው የራሱ ድርጅት አማካይነት በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ለመሙላት ተነሣ። ይህን የሚያህል ሥዕል በሳምንት ሠርቶ ማድረስ የማይቻል ይመስል ስለነበር ሠራተኞቹ ብልሃት ፈለጉ፤ አንዱን ሥዕል ሳያንቀሳቅሱ ማቆየት፥ ሰው ሲናገር አፉን ብቻ ማነቃነቅ፥ አንድ ጊዜ የተሠራውን የመብረር ወይም የመሮጥ ሥዕል አስቀምጦ ደጋግሞ መጠቀም ተለመደ። ሥራውም እስከ 1966 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ 193 ክፍል ሆኖ ተፈጸመ። ስለዚህ ያ ሃያ አራት ደቂቃ ከመነሻው የታሪክ ብቻ ሳይሆን የሰው ጉልበትም መስፈሪያ ነበረ። ይህን ያልተገነዘበ ተቺ የፊልሙን ቀርፋፋነት ሁሉ የአሳብ ድህነት አድርጎ ይፈርዳል።

የመጽሐፉ ጊዜ ግን ሌላ ነው። ማንጋ የያዘ ሰው ጊዜው በእጁ ነው፤ አንዱን ገጽ በዐይኑ ጠቅሶ ያልፈዋል፥ በሌላው ላይ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይቆያል፥ ከወደደም ወደ ኋላ ይመለሳል። በሳምንታዊ መጽሔት የሚወጣ አንድ ምዕራፍ 19 ወይም 20 ገጽ ያህል ነው፤ ደራሲውም ምዕራፉን የሚዘጋው አንባቢው ለሚቀጥለው ሳምንት ጉጉት እንዲያድርበት አድርጎ ነው። በፊልም ግን ጊዜውን የሚይዘው አዘጋጁ ነው። ስለዚህ ማንጋን ወደ አኒሜ የሚመልስ ሰው አንዱን እስትንፋስ ወደ ሌላ እስትንፋስ ይተረጉማል ማለት ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ሁለቱ እስትንፋሶች የሚያርፉበት ቦታ ሳይገጥም ሲቀር ነው።

የመጀመሪያው ጥፋት መሳብ ነው። ማንጋው ገና እየተጻፈ ሳለ አኒሜው በየሳምንቱ ሲተላለፍ፥ ፊልሙ ከድርሰቱ ላይ ይደርስና የሚሰፈር እህል ያጣል። ከ1989 እስከ 1996 ዓ.ም. 291 ክፍል ሆኖ የታየው «ድራጎን ቦል ዜድ» ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በአኪራ ቶሪያማ ድርሰት ላይ የተመሠረተው ይህ ሥራ ፍሪዛ የተባለው ጨካኝ ንጉሥ «ይህች ዓለም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትፈነዳለች» ካለ በኋላ፥ አምስቱ ደቂቃ በቴሌቪዥን ለብዙ ሳምንታት ቀጠለ። ተፋላሚዎቹ ይተያያሉ፤ ደመናው ይጠቁራል፤ ከሩቅ የቆሙት ይደነግጣሉ፤ ከዚያም ተፋላሚዎቹ እንደገና ይተያያሉ። በገጽ ላይ በአንድ ሥዕል ያለፈው ቁጣ በፊልም ላይ የግማሽ ክፍል ቁጣ ይሆናል፤ ቁጣ ደግሞ ሲረዝም አይበረታም፥ ይደነዝዛል።

በ2009 ዓ.ም. ይኸው ሥራ «ድራጎን ቦል ዜድ ካይ» በሚል ስም ታርሞ ቀረበ። በመጀመሪያው ዙር፥ ወደ 200 ክፍል የሚጠጋው ታሪክ ከ100 ባነሰ ክፍል ተጠቃለለ። ግማሹ ሲነሣ ከዋናው ታሪክ የጎደለ ፍሬ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ይህም የቀድሞው ፊልም ምን ያህል እንደ ተሳበ በቁጥር ያሳያል። ነገር ግን በእብቁ መካከል እህልም አብሮ ተበጥሯል። ከድርሰቱ ያልተገኘ አንድ ክፍል ነበረ፤ ጎኩና ፒኮሎ የተባሉት ኃያላን፥ ሰማይን የሚሰነጥቁት ተዋጊዎች፥ መኪና መንዳት ሊማሩ ሄደው የሚቸገሩበት። ለጦርነቱ ምንም አይጨምርም፤ ነገር ግን ሁለቱን ሰው አድርጎ አሳይቶናልና ብዙ ተመልካች እስከ ዛሬ በፍቅር ያስታውሰዋል። በታረመው ሥራ ውስጥ ይህ ክፍል የለም። ከዚህ የምንማረው፥ የተጨመረ ሁሉ ትርፍ አለመሆኑን ነው፤ ቃል በቃል ከድርሰቱ የተወሰደ ሁሉ ፍሬ አለመሆኑንም እንዲሁ።

የኤይቺሮ ኦዳ «ዋን ፒስ» ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየሳምንቱ ሲተላለፍ ኖሮ ከ1100 ክፍል አልፏል። ከድርሰቱ ላይ ላለመድረስ የመረጠው መንገድ በየክፍሉ የሚሰፍረውን ማሳነስ ነበረ፤ በኋለኞቹ ዓመታት አንድ ክፍል የሚይዘው አንድ ምዕራፍ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ሆነ። የሃያ ገጽ ድርሰት የሃያ ደቂቃ ፊልም ሲሆን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ ደቂቃ መቆም ግድ ይሆናል፤ ንግግር የበዛበት ገጽ ይህን ይሸከማል፥ አንድ ቡጢ ብቻ ያለበት ገጽ ግን አይሸከምም። በ2025 ዓ.ም. ፊልሙ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በዓመት ከ26 ክፍል በማይበልጥ ልክ እንደሚቀርብ መነገሩ፥ ችግሩን ሠሪዎቹ ራሳቸው ማወቃቸውን ያመለክታል። ልብ እንበል፤ የተለወጠው የክፍሉ ርዝመት አይደለም። የተለወጠው ቁናው በዓመት የሚሞላበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት መጠቅጠቅ ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው የአባቶች ምሳሌ እዚህ ላይ ሥራውን ይሠራል። ከ2006 እስከ 2007 ዓ.ም. በ37 ክፍል የታየውን «ዴዝ ኖት» እንመልከት። ስሙ የተጻፈበትን ሰው የሚገድል ደብተር ያገኘው ላይት የተባለ ተማሪና ኤል የተባለው ስውር መርማሪ እርስ በርስ በአእምሮ ይፈላለጋሉ። ድርሰቱ 108 ምዕራፍ አለው። ኤል የሚሞተው በ58ኛው ምዕራፍ ላይ ነው፤ በፊልሙ ደግሞ በ25ኛው ክፍል። ስለዚህ 58 ምዕራፍ በ25 ክፍል ተነገረ፤ የቀረው 50 ምዕራፍ በ12 ክፍል ብቻ። በመጀመሪያው ወገን አንድ ክፍል ሁለት ምዕራፍ ከሩብ ያህል ሲይዝ፥ በሁለተኛው ከአራት በላይ ይይዛል።

ከዚህ የተነሣ የጎደለው ምንድን ነው? ዋናዎቹ ድርጊቶች አሉ፤ የጎደለው ጥበቃው ነው። የአእምሮ ፍልሚያ ደስ የሚያሰኘው ተመልካቹ ራሱ አስልቶ፥ ገምቶ፥ ተሳስቶ እንደገና ሲገምት ነው። ለዚህም ጊዜ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ወገን ላይትና ኤል ሻይ እየጠጡ ሲነጋገሩ እያንዳንዱ ዝምታ ጥያቄ ነበረ። በኋለኛው ወገን ግን አዲሶቹ መርማሪዎች ኒርና ሜሎ መልሱን የሚናገሩት ጥያቄው በእኛ ልብ ገና ሳይበስል ነው፤ ስለዚህ ብልህ መሆናቸውን ሰማን እንጂ አላየንም። ብዙ ሰው «ከኤል ሞት በኋላ ታሪኩ ደከመ» ይላል። ድክመቱ ከድርሰቱ ምን ያህሉ፥ ከአሰፋፈሩ ምን ያህሉ እንደ መጣ ግን ሁለቱን አስተያይቶ የሚመዝን ጥቂት ነው።

ከዚህም የሚብስ ምሳሌ አለ፤ ለክርክሬም ዋናው ማስረጃ እርሱ ነው። «ዘ ፕሮሚስድ ኔቨርላንድ» የተባለው ድርሰት 181 ምዕራፍ ነው። ሕፃናት በሚያድጉበት መልካም በሚመስል ቤት ውስጥ የሚኖሩ ልጆች፥ የሚቀለቡት ለአውሬዎች መብል ሊሆኑ መሆኑን ይደርሱበታል። በ2019 ዓ.ም. የመጀመሪያው ወቅት በ12 ክፍል 37 ምዕራፍ ተረከ፤ በ2021 ዓ.ም. ሁለተኛው ወቅት የቀረውን 144 ምዕራፍ በ11 ክፍል ሊጨርስ ተነሣ። ከድርሰቱ ሰፋፊ ወገኖች ተዘለሉ፤ የመጨረሻውም ክፍል ብዙ ዘመንና ብዙ ተግባር የሚጠይቀውን ነገር በተከታታይ የቆሙ ሥዕሎች አሳልፎ ተዘጋ። ልጆቹ ለዓመታት የደከሙበትን እኛ እንደ ፎቶግራፍ አልበም ገለጥ ገለጥ አድርገን አለፍነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፤ የሁለቱም ወቅቶች አዘጋጅ ማሞሩ ካንቤ፥ የሁለቱም የሥራ ድርጅት ክሎቨርወርክስ ነበረ፤ የክፍሉም ርዝመት አንድ ነው። የመጀመሪያው ወቅት እጅግ ተመሰገነ፤ ምክንያቱም ልጆቹ ከቤቱ የሚያመልጡበት ቦታ ላይ ታሪኩ በራሱ ያርፋል፥ 12ኛው ክፍልም የሚያልቀው እዚያው ላይ ነው። እህሉና ቁናው ተገናኙ። በሁለተኛው ወቅት ቁናው ያው ሆኖ ሳለ የአንድ ጎተራ እህል ሊሰፈርበት ተሞከረ። እንግዲህ ጥፋተኛው ሃያ አራት ደቂቃው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በወደቁ ነበር። ጥፋቱ «ይህን ያህል ታሪክ በዚህን ያህል ክፍል ይለቅ» ብሎ በወሰነው ቆጠራ ላይ ነው፤ ያ ቆጠራም ከሠዓሊው ብሩሽ በፊት በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ነገር ነው።

ቁናው ጠላት አለመሆኑን በተቃራኒው ወገን የሚመሰክሩ ሥራዎችም አሉ። በ2005 ዓ.ም. በሂሮሺ ናጋሃማ አዘጋጅነት መታየት የጀመረው «ሙሺሺ» 26 ክፍል አለው። የዩኪ ኡሩሺባራ ድርሰት ጊንኮ የተባለ መንገደኛ ከመንደር መንደር እየዞረ፥ ለሰው ዐይን ከማይታዩ ረቂቅ ፍጥረታት የሚመጣውን ደዌ የሚመረምርበት ነው፤ እያንዳንዱም ታሪክ በራሱ ተጀምሮ በራሱ ይፈጸማል። አዘጋጁ አንዱን ታሪክ ለአንድ ክፍል ሰጠ። ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያንጠለጥል መጨረሻ አላስፈለገውም፤ በተረፈው ደቂቃ በረዶ ሲወርድ፥ ጭጋግ ከሸለቆ ሲነሣ፥ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ አሳየ። በ«ድራጎን ቦል» ዘንድ መዘግየት የነበረው እዚህ ዕረፍት ሆነ። በሰዓት ቢለካ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ በ«ሙሺሺ» ዝምታው ከታሪኩ ትርጉም የሚካፈል መሆኑ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በኢሳኦ ታካሃታ አዘጋጅነት በ1976 ዓ.ም. የተላለፈው «እናትን ፍለጋ 3000 ሪ» የተባለው ሥራ ነው፤ ሪ የጃፓኖች የጥንት የመንገድ መለኪያ ነው። መነሻው ጣሊያናዊው ኤድሞንዶ ዴ አሚቺስ በ1886 ዓ.ም. «ኩኦሬ» በተባለ መጽሐፉ ውስጥ ያስገባው አጭር ታሪክ ነው። አንድ የጄኖቫ ልጅ፥ በአርጀንቲና በቤት ሠራተኛነት ተቀጥራ ድምፅዋ የጠፋውን እናቱን ፍለጋ ብቻውን ባሕር ይሻገራል። በአንድ መቀመጫ የሚያልቀው ይህ ትረካ 52 ክፍል እንዲሆን ታዘዘ። በቁጥር ብንፈርድ ከዚህ የባሰ መሳብ ሊኖር አይገባም ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። በመጽሐፉ ልጁ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ጉዞውን ይጀምራል፤ በፊልሙ እናቲቱ በመጀመሪያው ክፍል ትሄዳለች፥ ልጁ ማርኮ ግን ከ10 በሚበልጡ ክፍሎች ውስጥ ከጄኖቫ አይወጣም። ገንዘብ ለማግኘት ሥራ ይፈልጋል፤ ደብዳቤ ይጠብቃል፤ በአባቱ ላይ ይቆጣል፤ በመጽሐፉ ከሌሉት ከአሻንጉሊት ተጫዋቹ ከፔፒኖና ከሴት ልጆቹ ጋራ ይወዳጃል። ታካሃታ ክፍሉን የሞላው በመዘግየት ሳይሆን በኑሮ ነው። ፊልሙም ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ስለ ተላለፈ፥ የሚመለከቱት ሕፃናት ከማርኮ ጋራ ዓመት ጠበቁ። የታሪኩ ጉዳይ ናፍቆት ነውና ርዝመቱ ራሱ ትርጉም ሆነ። እናቶቻቸውና እኅቶቻቸው ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገሮች ተሻግረው ስልክና ደብዳቤ የጠበቁ የእኛም አገር ልጆች ይህን ጥበቃ ያለ አስተርጓሚ የሚረዱት ይመስለኛል። በሁለት ሰዓት ፊልም ቢጠቃለል እናትና ልጅ መገናኘታቸውን እናይ ነበር፤ የመለያየታቸውን ርዝመት ግን አናውቀውም ነበር።

በቅርብ ዓመታት ቁናው መላላት ጀምሯል። በ2023 ዓ.ም. የታየው «ፍሪረን» የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች በአንድ ምሽት አከታትሎ አሳየ። ታሪኩ ከሺህ ዓመት በላይ የኖረች አንዲት ጠንቋይ ለአሥር ዓመት አብሯት የተጓዘው ጓደኛዋ አርጅቶ ሲሞት፥ በሕይወት ሳለ ሳታውቀው መቅረቷን ዘግይታ የምታለቅስበት ነው። ኀዘኑና ከኀዘኑ በኋላ የጀመረችው አዲስ መንገድ በሳምንታት ቢቆራረጥ ኖሮ ተመልካቹ ለቅሶውን ብቻ ይዞ በሄደ ነበር፤ ስለዚህ መክፈቻውን በአንድ ትንፋሽ መስጠቱ ትክክል ነበረ። ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ተለመደው ልክ ተመለሰ፤ ምንም አልተጎዳም።

በዚያው ዓመት የቀረበው «ፕሉቶ» ደግሞ ታሪካችንን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ናኦኪ ኡራሳዋ ድርሰቱን የጻፈው ከቴዙካ «አቶም» አንዱን ታሪክ ተነሥቶ ነው፤ ድርሰቱ 8 ጥራዝ፥ ፊልሙም እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ያህል የሚሆን 8 ክፍል ነው። በኢንተርኔት አማካይነት ስለ ቀረበ የግማሽ ሰዓት ግዴታ አልነበረበትም። በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ በጦርነት የተዋጋ አንድ ሮቦት ከቁጡ የሙዚቃ ደራሲ ቤት ተቀጥሮ ፒያኖ መማር የሚመኝበት ታሪክ ይገኛል። ጥላቻው በዝግታ ወደ ፍቅር ሲለወጥ ለማየት የሚበቃ ጊዜ ተሰጥቶታል፤ በመዝሙርና በማስታወቂያ ተከፍሎ ለሁለት ሳምንት ቢሰጥ ኖሮ መካከሉ በተቀደደ ነበር። ከ1963 ዓ.ም. ሕፃን ሮቦት ጋራ የተወለደው ቁና፥ ከስድሳ ዓመት በኋላ በዚያው ሕፃን ሮቦት ታሪክ ላይ ተተወ።

ይህ ሲባል ግን ልክ ሁሉ ይፍረስ ማለቴ አይደለም። የደቂቃ ገደብ ያልተጣለበት አዘጋጅ ከጥበቡ ይልቅ ምቾቱን ሊከተል ይችላል፤ «ሙሺሺ»ን ያጠራው፥ ማርኮንም በየሳምንቱ አንድ እርምጃ ያራመደው ያው የታሰረ ልክ ነው። መጽሐፍን ወደ ፊልም የሚመልስ ሰው፥ በአገራችንም ልብ ወለዶቻችንን ለቴሌቪዥን ለማብቃት የሚያስብ ሁሉ፥ ብዕር ከማንሣቱ በፊት የድርሰቱን ማረፊያዎች ሊቆጥር ይገባዋል።

መምህራንና ተማሪዎችም እንዲህ ያለውን ሥራ ሲመረምሩ «ስንት ምዕራፍ በስንት ክፍል?» ብለው ቢጀምሩ መልካም ነው፤ በዚያ ብቻ ቢያበቁ ግን ገና አልፈረዱም። ክፍሉ የሚያልቀው ታሪኩ ባረፈበት ነው ወይስ ሰዓቱ ባለቀበት? የተጨመረው ነገር ኑሮ ነው ወይስ መዘግየት? የተቀነሰው ትርፍ ነው ወይስ ተመልካቹ ራሱ ሊያስብበት፥ ሊያዝንበት የተሰጠው ጊዜ? ከሦስቱ የመጨረሻው ይከብዳል። ድርጊት ቢጎድል መጽሐፉን ገልጦ ማግኘት ይቻላል፤ የመጠበቅ ጊዜ የተነፈገው ተመልካች ግን ምን እንደ ተነፈገ እንኳ አያውቅም፤ ታሪኩን ጨርሶ ይነሣል፥ ታሪኩ ግን በእርሱ ውስጥ አልተጀመረም።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይባላል። ቁናውንማ ሁሉም አገኘው፤ ታካሃታም፥ ናጋሃማም፥ «ዘ ፕሮሚስድ ኔቨርላንድ»ን በ11 ክፍል ጨርሱ የተባሉትም ያንኑ ሃያ አራት ደቂቃ ነበር የተቀበሉት። አንዱ እህል፥ አንዱ እብቅ፥ አንዱም ከአፉ የሚፈስስ ሰፈረበት፤ እኛም ዛሬ የምንሰፍራቸው በዚያው ነው።